የተቆላ ቡናችንን ይዘን ጀርመን በየትኛው በር እንግባ? አከፋፋይ፣ ሽርክና ወይስ የራስ ኩባንያ

ጥያቄ፦ ከጀበናው ዳር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶና አሽጎ ለሆቴሎችና ለሱፐርማርኬቶች በሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው፤ የሽያጭ ክፍሉም በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ወደ ጀርመን በናሙና መልክ ጥቂት ጥቂት ካርቶን ስንልክ ቆይተን፣ በዚህ ዓመት ባለቤቶቹ ከናሙና አልፈን በመደበኛነት እንድንሸጥ ወስነዋል። መግባታችን የተቆረጠ ጉዳይ ነው፤ ያልተቆረጠው በየትኛው በር እንደምንገባ ነው።

ሦስት አማራጮች ቀርበውልናል። አንደኛው ሃምቡርግ የሚገኝ አስመጪ ያቀረበው ሲሆን፣ ቡናውን አዲስ አበባ ከመጋዘናችን ተረክቦ፣ ማጓጓዙንና ጉምሩኩን ራሱ ችሎ ለማከፋፈል ፈቃደኛ ነው፤ በምላሹ ግን ለመላው አውሮፓ የአምስት ዓመት ብቸኛ አከፋፋይነት ይጠይቃል። ሁለተኛው ፍራንክፈርት ከ20 ዓመት በላይ የኖሩ፣ ምግብ ቤትና የሐበሻ ዕቃ መሸጫ ያላቸው የአገራችን ሰው ሐሳብ ነው፤ እሳቸው እኩል በእኩል ተዋጥተን አንድ የጋራ ኩባንያ እናቋቁም ይላሉ። ሦስተኛው የድርጅታችን መሥራች የሚደግፉት ነው፤ ይኸውም ጀርመን ውስጥ ሙሉ በሙሉ የእኛ የሆነ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር መክፈት ነው። ለዚህ በሕጉ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ካፒታል 25,000 ዩሮ እንደሆነና ግማሹን ከፍሎ ምዝገባውን መጀመር እንደሚቻል አጣርተናል።

ባለፈው ሳምንት በነበረን ስብሰባ ሦስት ሰዓት ሙሉ የተነጋገርነው ስለ ወጪ ብቻ ነበር። የትኛው ይረክሳል፣ የትኛው ይወደዳል እያልን ሰሌዳውን በቁጥር ሞልተን ወጣን፤ እኔ ግን ዋናው ጥያቄ ሳይነካ እንደቀረ ተሰምቶኛል። ገንዘብ የማይቸግራቸው ታላላቅ ኩባንያዎች እንኳ በአንዱ አገር ነባር ድርጅት ገዝተው፣ በሌላው ከአገሬው ሰው ጋር ተሻርከው፣ በሦስተኛው ከመሠረቱ ገንብተው ሲገቡ እናያለን። ነገሩ የወጪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ ርካሹን መንገድ በያዙ ነበር። የማያውቁት ገበያ ሲገጥማቸው ምርጫቸውን የሚወስነው ምንድን ነው? ከእነሱ ልምድስ ለእኛ ዓይነቱ ትንሽ ድርጅት የሚሆን መለኪያ ይገኛል? በትምህርትም ሆነ በሥራ ያለፋችሁበት ሰዎች ብታካፍሉኝ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዤው እቀርባለሁ።

መልስ፦ የቀድሞ መምህር

ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት። ዓለም አቀፍ ንግድ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ከሁሉ አስቀድመው የሚማሩት ደረጃ በደረጃ ስለሚወጣው መሰላል ነበር። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጽፋለሁ) በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳንድቪክ፣ አትላስ ኮፕኮ፣ ፋሲትና ቮልቮ የተባሉትን አራት የአገራቸውን ኩባንያዎች ታሪክ መርምረው፣ ወደ ውጭ የወጡት በአንድ ዝላይ እንዳልነበረ አሳዩ። አልፎ አልፎ ከመላክ ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ ወኪል ይይዛሉ፤ ከዚያ የራሳቸውን የሽያጭ ቢሮ ይከፍታሉ፤ ፋብሪካ የሚተክሉት በመጨረሻ ነው። ምክንያቱም የባዕድ ገበያ ዕውቀት ከጥናት ሰነድ ይልቅ በሥራው ውስጥ በመዋል የሚገኝ በመሆኑ፣ ኩባንያው ገንዘቡን የሚጨምረው ባወቀው ልክ ነው። አገር ሲመርጡም በቅድሚያ ቅርብ ወደሚመስላቸው ይሄዳሉ፤ ቅርበቱ ደግሞ የመንገድ ርቀት ብቻ ሳይሆን የቋንቋ፣ የልማድና የሕግ ቅርበት ነው።

ይህ መሰላል ብዙ ነገር ያስረዳል፤ እንደማይጣስ ሕግ የያዘው ሰው ግን ይሳሳታል፤ ለዚህም የእኛው የቢራ ገበያ ጥሩ ምስክር ነው። ሄኒከን በ2011 የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች ከመንግሥት በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የብሪታንያው የመጠጥ አምራች ዲያጆ በ2012 መጀመሪያ ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ሁለቱም ትልቁን ገንዘብ ያወጡት ገና ሲገቡ ነው። ለመሆኑ የገዙት ምን ነበር? መጥመቂያ ጋንና የመሙያ መሣሪያ ከአውሮፓ አዲሱን ማስመጣት ይችሉ ነበር። ከአውሮፓ የማይመጣው በየወረዳው ከተማ ሳጥን የሚያወርደው አከፋፋይ፣ ባዶ ጠርሙሱን ከግሮሰሪው ሰብስቦ ወደ ፋብሪካው የሚመልሰው ሰንሰለትና ሰው በስሙ ጠርቶ የሚያዘው ቢራ ነው። የእኛ አገር ቢራ የሚሸጠው ጠርሙሱ ተመልሶ ስለሚመጣ ነው፤ ባዶ ጠርሙስ የማይመለስለት ጠማቂ በየወሩ አዲስ ጠርሙስ ሲገዛ ይከስራል። ሄኒከን ይህን ሁሉ ከገዛው ድርጅት ተምሮ ሲያበቃ ቂሊንጦ ላይ ከመሠረቱ ትልቅ ፋብሪካ ገንብቶ ዋልያን አወጣ። ዲያጆ በበኩሉ በ2022 ሜታን በኢትዮጵያ ቢጂአይን ለያዘው ለፈረንሳዩ ካስቴል ሸጦ ወጥቷል፤ ስለዚህ ነባር ድርጅት መግዛት በራሱ ዋስትና እንዳልሆነም ልብ ይበሉ።

በቴሌኮሙ ዘርፍ ደግሞ ነገሩ ተገላብጦ እናገኘዋለን። ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የብሪታንያ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋም ተጣምረው በ2021 ለፈቃድ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ሲያቀርቡ፣ በገበያው ውስጥ ሊገዙት የሚችሉት ሌላ ኦፕሬተር አልነበረም። የነበረው የመንግሥት የሆነው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ በመሆኑ፣ ከመሠረቱ መገንባቱ ግዴታ ነበር። ሸክሙ ለአንድ ኩባንያ የሚከብድ ስለሆነም ተካፈሉት። በኬንያ ስማቸውን ያስጠራው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤም ፔሳ እንኳ በመጀመሪያው ፈቃድ ውስጥ አልተካተተም፤ በ2023 ተጨማሪ 150 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎበት ነው የተፈቀደው። እዚህ ላይ መንገዱን የመረጠው ሕጉ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የእኔ መለኪያ ይህ ነው። የሚመርጡትን በር ከማሰብዎ በፊት በዚያ ገበያ ለመሸጥ የሚጎድላችሁን ነገር አንድ በአንድ ጻፉት። ከጻፋችሁት ውስጥ አንዳንዱ በገንዘብ ወዲያው የሚገዛ ነው፤ አንዳንዱ ከጊዜ በቀር በምንም አይገኝም፤ አንዳንዱ ደግሞ በአንድ የተወሰነ ሰው ወይም ድርጅት እጅ ብቻ ያለ ነው። ሽርክና ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ለመጨረሻው ነው። በገንዘብ ለሚገዛ ነገር ሸሪክ ማስገባት የሥራውን ግማሽ ዕድሜ ልክ አሳልፎ መስጠት ይሆናል። የፍራንክፈርቱ ሰው እጅ ያለው ነገር ምንድን ነው? በሌላ መንገድ የማይገኝ ነው ወይ? ስብሰባው በዚህ ጥያቄ ቢጀመር እመርጣለሁ።

መልስ፦ ከኮሎኝ

የምኖረው ጀርመን ስለሆነ ከገበያው ጎን ያለውን ልጨምር።

እዚህ አገር ስለ ገበያ አገባብ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው የአሜሪካውን ግዙፍ ቸርቻሪ የዋልማርትን ታሪክ ነው። በ1997 መጨረሻ ቬርትካውፍ የተባለውን ድርጅት 21 መደብሮች ገዛ፤ በዓመቱ የኢንተርሽፓርን 74 ጨመረ። ከሁለት ነጋዴዎች የተገዙት መደብሮች በመላ አገሪቱ የተበታተኑ ነበሩና አንድ አድርጎ ማስተዳደሩ ራሱን የቻለ ፈተና ሆነ። ከዚያም በላይ ጀርመን በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ ሰው የጠፋባት አገር አልነበረችም፤ አልዲና ሊድል ሕዝቡን ለብዙ ዓመታት በርካሽ አስለምደውታል። በዚያን ጊዜ የመዝጊያ ሰዓት በሕግ የተወሰነ ስለነበረ እንደ አሜሪካው ሌሊቱን ሙሉ መሸጥ አይቻልም ነበር፤ እሑድ ደግሞ መደብር ዝግ ነው። በ2000 የአገሪቱ የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዋልማርትን፣ አልዲንና ሊድልን ወተትና ቅቤን የመሳሰሉ ሸቀጦች ከገዙበት ዋጋ በታች እንዳይሸጡ አዘዛቸው። በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበለውና ፈገግ እያለ ዕቃ በከረጢት የሚሞላው ሠራተኛ ለአሜሪካዊው ደንበኛ ደስ የሚል መስተንግዶ ሲሆን፣ ለብዙ ጀርመናውያን ግን የማያውቁት ሰው ያለ ምክንያት እንደቀረባቸው ሆኖ ተሰማቸው። በ2006 ዋልማርት 85 መደብሮቹን ሜትሮ ለተባለው የጀርመን ነጋዴ አስረክቦ ወጣ፤ ኪሳራውም ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር።

ያው ዋልማርት በ1991 ሜክሲኮ ሲገባ ሲፍራ ከተባለ ነባር የአገሪቱ ነጋዴ ጋር በሽርክና ጀምሮ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ የኩባንያውን አብላጫ ድርሻ ገዝቶ፣ ዛሬ በዚያች አገር ካሉት ቸርቻሪዎች ሁሉ ትልቁ ነው። በጀርመን መደብር ገዛ፤ በሜክሲኮ መጀመሪያ ያገኘው ገበያውን የሚያውቅ ሰው ነው። አባቶቻችን «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ያሉት ለሰው ቢሆንም፣ ለኩባንያም ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሰው አገር ገበያ እኔ ነኝ የማውቀው ብሎ መጀመር ያስከፍላል።

አሁን ወደ እናንተ ቡና ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ የተቆላ ቡና አስመጥቶ ነበር። ቡናው ግሩም ነው፤ ከረጢቱም ያምራል፤ ነገር ግን የተጻፈበት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ነበርና መደብሮቹ አንቀበልም አሉ። አንድ ቅዳሜ ማታ እሱ፣ ባለቤቱና እኔ መጋዘኑ ወለል ላይ ካርቶን ዘርግተን ተቀምጠን፣ በእያንዳንዱ ከረጢት ጀርባ ላይ ተለጣፊ ወረቀት ስንለጥፍ ነጋብን። በወረቀቱ ላይ የምርቱ ስም በጀርመንኛ፣ የተጣራ ክብደቱ፣ እስከ መቼ ቢጠጣ ጥሩ እንደሆነና በመጨረሻም የአስመጪው ስምና አድራሻ ነበር። አምራቹ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆነ፣ ለምግቡ ኃላፊ ሆኖ መለያው ላይ የሚጻፈው በኅብረቱ ውስጥ ያለው አስመጪ ነው። ደንበኛ ቅር ሲለው የሚደውለው፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠራው፣ መደብሩም በድጋሚ ሲያዝ የሚያነጋግረው እዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ስሙ የተጻፈውን ሰው ነው። እናንተ በር ብላችሁ የጠራችሁት ነገር በተግባር ሲታይ በዚያች ወረቀት ላይ የማን ስም ይጻፍ የሚለው ነው። በመጀመሪያው አማራጭ የሃምቡርጉ አስመጪ፣ በሁለተኛው የጋራው ኩባንያ፣ በሦስተኛው እናንተ ራሳችሁ ናችሁ ማለት ነው።

ስለ ቀረጡም በግልጽ ልጻፍ። ጥሬ ቡና ወደ አውሮፓ ኅብረት ያለ ቀረጥ ይገባል፤ በተቆላው ላይ ያለው መደበኛ ቀረጥ 7.5 በመቶ ነው። ኢትዮጵያ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች የተሰጠው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ስላላት፣ የዕቃው መገኛ በአግባቡ ከተረጋገጠ ከዚህ ትድናላችሁ። የማትድኑበት የጀርመን የቡና ግብር ነው፤ በአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና 2.19 ዩሮ ይከፈላል፤ ቡናው ከየትም ይምጣ ግብሩ አይለወጥም። አስመጪው የኅብረቱን የደን ጥበቃ ደንብ ሲያሟላም ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ነጥብ ከእናንተ ይጠይቃል፤ ደንቡ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል፣ ይህን ከገበሬዎቹ ጀምሮ ካልሰበሰባችሁት የትኛውም በር አይከፈትም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እዚህ ያሉት ጥሩ ጥሩ የቡና ቤቶች ገዢዎች ከረጢቱን አንስተው መጀመሪያ የሚያዩት የተቆላበትን ቀን ነው። ቡናው በመርከብ ሲመጣ ሳምንታት ያልፋሉ፤ በአውሮፕላን ከመጣ ዋጋው ይወደዳል። በዚህ ምክንያት ጥሬውን አምጥተው እዚሁ በሌላ ሰው መቁያ በክፍያ የሚያስቆሉ ነጋዴዎች አሉ። ይህ ከሦስቱ በሮች ውጭ የሆነ አራተኛ በር ስለሆነ አብራችሁ ብትመክሩበት ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ላኪው

ከሁለቱ ወንድሞች በተወሰነ ደረጃ የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ የመሥራቹን አቋም እደግፋለሁ።

በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም አዘጋጅቼ ወደ አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ስልክ፣ እናንተ አሁን እንደቀረበላችሁ ዓይነት ውል ፈርሜ ነበር። ብቸኛ አከፋፋይ፣ ሦስት ዓመት፣ ጣጣው ሁሉ የእሱ። በመጀመሪያው ዓመት ተደስቼ ነበር፤ ክፍያው በጊዜው ይገባል፤ እኔም ከጉምሩክ ወረፋ አርፌ ምርቴ ላይ አተኮርኩ። በሁለተኛው ዓመት ትእዛዙ ሲቀንስ ምክንያቱን ጠየቅሁት፤ ገበያው ቀዝቅዟል አለኝ። ሄጄ ላጣራ ስነሣ ነው የደነገጥኩት፤ የትኛው ሱቅ ይግዛኝ፣ የትኛዋ እናት በርበሬዬን ትውደደው፣ በምን ዋጋ ይሸጥ፣ ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሸጥኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ከሌላ አገር ርካሽ በርበሬ አምጥቶ በእኔ ጎን ይሸጥ ነበር፤ ውሉ እኔን ለሌላ እንዳልሸጥ ሲከለክለኝ እሱን የሌላ ሰው ዕቃ እንዳይሸጥ አልከለከለውም።

መምህሩ እንዳሉት ዕውቀት የሚገኘው ሥራው ውስጥ በመዋል ከሆነ፣ በአከፋፋይ የሚገባ ድርጅት ዕውቀቱን የሚያከማቸው በአከፋፋዩ ራስ ውስጥ ነው። አምስት ዓመት ቆይታችሁ ውሉ ሲያልቅ ጀርመንን የምታውቋት ዛሬ በምታውቋት ልክ ነው። የራስ ኩባንያ ውድ መሆኑን አልክድም፤ ካፒታል ከአገር ለማውጣት የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ማግኘት እንዳለባችሁ፣ እዚያም የሒሳብ ሠራተኛና የግብር አማካሪ በየወሩ እንደሚከፈል አውቃለሁ። ቢሆንም ለመማር የሚከፈል ገንዘብ ነው፤ ትንሽ ጀምራችሁ፣ አንድ ከተማ ላይ ብቻ ቆማችሁ፣ በራሳችሁ ስም ብትሸጡ ይሻላችኋል።

መልስ፦ ውል አንባቢ

የንግድ ውል በማርቀቅና በመመርመር ሥራ ላይ ነኝ። የላኪው ጉዳት እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከገጠማቸው አብዛኛው የውሉ ጉድለት እንጂ የአከፋፋይነት ጉድለት አይመስለኝም።

ሽርክናን በሚመለከት ብዙ ሊያስተምረን የሚችለው የራሳችን አየር መንገድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶጎ ላይ በ2010 በረራ በጀመረው አስካይ ውስጥ አነስተኛውን ድርሻ፣ በማላዊ 49 በመቶ፣ በ2021 እንደገና በረራ በጀመረው የዛምቢያ አየር መንገድ 45 በመቶ ይዞ ገባ። አቅም አንሶት አይደለም ከግማሽ በታች የያዘው። በአገሮች መካከል የሚፈረሙት የበረራ ስምምነቶች በአብዛኛው አንድ አየር መንገድ በአንድ አገር ስም እንዲበር የሚፈቅዱት አብላጫው ድርሻና እውነተኛው ቁጥጥር የዚያው አገር ዜጎች ወይም መንግሥት ሲሆን ነው። አብላጫውን ቢይዝ ኖሮ የሚፈልገውን የበረራ መብት ያጣል። ስለዚህ የጎደለው ነገር በአገሬው እጅ ብቻ ያለ ነበር፤ መምህሩ ሽርክና ለዚህ ነው ያሉት ይኸው ነው። በአንጻሩ ሎሜን የመሰለ የምዕራብ አፍሪካ መገናኛ፣ የሠራተኛ ሥልጠናና የአውሮፕላን ጥገና ሥራ አገኘ። ድርሻው አነስተኛ ቢሆንም የሥራው ዕውቀት የእሱ ስለሆነ ቃሉ ይሰማል።

አሁን እኩል በእኩል ወደሚለው ልለፍ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። 50 በ50 ስንል ፍትሐዊ ይመስለናል፤ ሁለቱ ሰዎች በተለያዩ ቀን ግን ማንም መወሰን የማይችልበት ኩባንያ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ሳንስማማ ስንቀር ማን ይወስናል፣ አንዱ መውጣት ሲፈልግ ድርሻው በምን ስሌት ይገመታል የሚሉት ሁለት አንቀጾች መጻፍ አለባቸው። የአሜሪካው የቡና ቤቶች ኩባንያ ስታርባክስ በ1996 ቶኪዮ ሲገባ፣ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ የመጀመሪያው ሱቁ ነበርና፣ ሳዛቢ ከተባለ የጃፓን ድርጅት ጋር እኩል ተሻርኮ ነበር፤ በ2014 ያልያዘውን ድርሻ በ900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ። ጃፓንን የማያውቅበት ዘመን ሲያልፍ መንገዱን ለወጠ፤ ለመለወጥም በሩ ተዘግቶ አልጠበቀውም። ያው ኩባንያ በ2000 አውስትራሊያ በራሱ ገብቶ፣ የጣሊያን ስደተኞች ጥሩ ቡና ለትውልድ ያስለመዱትን ሕዝብ በብዙ ሱቅ ለመያዝ ሞክሮ፣ በ2008 ከ84ቱ ሱቆች 61ዱን ዘጋ። ስለ ቡና ለሚያውቅ ሕዝብ ቡና ይዞ መሄድ ከሁሉ ይከብዳል፤ ጀርመኖችም ብዙ ቡና ከሚጠጡ ሕዝቦች መካከል ናቸው።

የሽርክና ክፉ ምሳሌ የዳኖንና የዋሃሃ ነው። የፈረንሳዩ ዳኖን በ1996 ከቻይናው መጠጥ አምራች ጋር ሽርክና ገባ፤ በኋላም አብላጫውን ድርሻ ያዘ። ነገር ግን ዋሃሃ የሚለው የንግድ ምልክት ወደ ሽርክናው እንዲዛወር የቻይና ባለሥልጣናት ስላልፈቀዱ ስሙ በቻይናው ወገን እንደቀረ ነበር፤ ሸሪኩም በዚያው ስም ከሽርክናው ውጭ ሌሎች ፋብሪካዎች ከፈተ። ጠቡ በ2007 አደባባይ ወጥቶ በ2009 ዳኖን ድርሻውን ሸጦ ወጣ። የኩባንያው አብላጫ በእጁ ነበር፤ ስሙ ግን በእጁ አልነበረም።

ስለዚህ የትኛውንም በር ብትመርጡ፣ ከምትፈርሙት ውል በፊት የንግድ ምልክታችሁን በራሳችሁ ድርጅት ስም በአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው ስፔን አሊካንቴ ውስጥ ነው፤ ለአንድ የዕቃ ምድብ በኢንተርኔት ሲቀርብ ክፍያው 850 ዩሮ ነው፤ አንድ ምዝገባ በሁሉም የኅብረቱ አገሮች ያገለግላል። ቀድሞ ያስመዘገበ ባለ መብት በሚሆንበት ሥርዓት ውስጥ አከፋፋዩ እንዲያስመዘግብላችሁ መተው ትልቅ አደጋ አለው። አገራችን ራሷ በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ስትነሣ ከገጠማት ተቃውሞ በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር የስም አጠቃቀም ስምምነት ላይ የደረሰችው፣ ስም ከጆንያው ቡና ተለይቶ ራሱን የቻለ ሀብት መሆኑን በመረዳቷ ነው።

የሃምቡርጉን ሰው ሐሳብ ደግሞ እንዳለ ከመቀበልና እንዳለ ከመጣል መካከል ሰፊ ቦታ አለ። መላው አውሮፓ ማለት ስለ ጣሊያንም ስለ ስዊድንም ዛሬውኑ መፈረም ነው፤ ጀርመንና ኦስትሪያ ይበቁታል። አምስት ዓመቱ ሁለት ይሁን፤ በየዓመቱ የሚያነሣው ዝቅተኛ መጠን ይጻፍ፤ ያን ካላሟላ ብቸኛነቱ ይቅር። የሸጠባቸውን መደብሮች ዝርዝር ከነመጠኑ በየሦስት ወሩ ያቅርብ፤ ተመሳሳይ የኢትዮጵያ ቡና ከሌላ አያምጣ። ላኪው ያጡት ይህን ነበር። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ የጀርመን ሕግ የንግድ ወኪል ሲሰናበት ላፈራው ደንበኛ እስከ አንድ ዓመት አማካይ ኮሚሽን የሚደርስ ካሣ ይሰጠዋል። አከፋፋይም በእናንተ የሽያጭ መዋቅር ውስጥ ከገባና የደንበኞቹን ዝርዝር የማስተላለፍ ግዴታ ካለበት፣ ፍርድ ቤቶቹ ይህንኑ መብት ሊሰጡት ይችላሉ። ዝርዝሩን መጠየቃችሁ ዋጋ አለው ማለት ነው፤ እኔ ግን ዋጋውን ከፍዬም ቢሆን እጠይቃለሁ።

ጠያቂው፦ ከጀበናው ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የመምህሩን ምክር ተከትዬ የሚጎድለንን ጻፍኩ። የጀርመንኛ መለያ፣ የግብሩ አከፋፈል፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ እነዚህ በገንዘብ የሚገኙ ሆኑ። የማሳው መረጃ ጊዜና ድካም ይጠይቃል እንጂ ያለው እኛው አገር ውስጥ ነው። በአንድ ሰው እጅ ብቻ ያለ ነገር ስፈልግ ግን ለፍራንክፈርቱ ሰው ብዙ መጻፍ አልቻልኩም፤ እሳቸው የሚያውቁት የሐበሻውን ደንበኛ ነው፤ ያ ደንበኛ ደግሞ ጥሬ ቡና ገዝቶ ቤቱ የሚቆላ ነው። እኛ የምንፈልገው የጀርመኑን ጠጪ ነበር። እኒህን ሰው እንደ ትልቅ ወንድም ስለማከብራቸው ይህን መጻፉ ቢከብደኝም እውነቱ ይህ ሆኖ አገኘሁት። በሸሪክነት ሳይሆን በደንበኝነት አብረውን እንዲሠሩ በክብር ልናነጋግራቸው ይገባል።

ከኮሎኝ የጻፉልኝ ወንድም ስለ አራተኛው በር ያነሡት ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስሌቱ ትክክል እንደሆነ ይገባኛል። ሆኖም እኛ ዘንድ መቁያው ላይ ቆመው ፍሬው ሲንጣጣ በድምፁ ብቻ የሚለዩ፣ ከማሽኑ ሰዓት በፊት «በቃ» የሚሉ ሁለት እናቶች አሉ። ድርጅቱ የተመሠረተው ቡናው ከአገር ሲወጣ የእነሱን እጅ ይዞ እንዲወጣ ነው። ጥሬውን ልከን ሌላ ሰው ቢቆላው የምንሸጠው የእኛ ምርት መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ በትንሽ መጠን በአውሮፕላን ልከን፣ የተቆላበትን ቀን ከረጢቱ ፊት ላይ አትመን፣ ዋጋውን የሚሸከሙ ጥቂት የቡና ቤቶች መኖር አለመኖራቸውን እንድናይ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለሃምቡርጉ ሰው ደግሞ ውል አንባቢው በጻፉት መሠረት የሁለት ዓመት፣ የጀርመንና የኦስትሪያ ብቻ የሆነ ረቂቅ እንልክለታለን፤ የራስ ኩባንያውም ከሁለቱ ዓመት በኋላ በሚደርሰን የደንበኞች ዝርዝር ላይ ቆሞ የሚታይ ይሆናል።

የንግድ ምልክቱን ማመልከቻ የስብሰባውን ቀን ሳልጠብቅ እንዳዘጋጅ መሥራቹ ዛሬ ጠዋት ፈቅደውልኛል። ከኅብረቱ ውጭ የሆነ አመልካች በዚያ የሚወክለው ሕጋዊ ባለሙያ እንደሚያስፈልገው አንብቤአለሁ። ውል አንባቢው፣ ውክልናው ለምዝገባው ብቻ የተወሰነ እንዲሆንና ከአስመጪው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው እንድንመርጥ በውክልና ሰነዱ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ቢጠቁሙኝ፣ ሰኞ ጠዋት ረቂቁን ይዤ እጀምራለሁ።

መልስ፦ ውል አንባቢ

ሰነዱ የሚሸፍነው ጉዳይ በቁጥር ተለይቶ ይጻፍ፦ ማመልከቻ ማቅረብ፣ ተቃውሞ ከመጣ መልስ መስጠትና የምስክር ወረቀቱን መቀበል። መሸጥ፣ ማዛወር፣ ለሌላ የመጠቀም ፈቃድ መስጠትና ሌላ ሰው መወከል አይችልም የሚል ዐረፍተ ነገር በግልጽ ይግባበት። ባለ ምልክቱ ተብሎ የሚሞላው የድርጅታችሁ ስም በንግድ ምዝገባችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መሆኑን ራስዎ አመሳክሩት፤ ከአማርኛ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ አንድ ሆሄ ቢለያይ በኋላ ማረሙ ብዙ ወር ይፈጃል። የቡናውንም ስም በላቲን ብቻ ሳይሆን በፊደላችን እንደተጻፈው አድርጋችሁ አብራችሁ አስመዝግቡት።